ዘጌ፦ የጣና ዳር የቡና፣ የጌሾና የፍራፍሬ ምድር

ዘጌ በአማራ ክልል፣ በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ የሚገኝ፣ በሦስት ወገን በውኃ የተከበበ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ከባሕር ዳር ከተማ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ በየብስ የሚመጣ መንገደኛ ግን ሐይቁን በደቡብ በኩል ዞሮ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ምድሩ ከሐይቁ ጠርዝ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ይሄድና አራራት በሚባለው ኮረብታ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ 1,975 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከሩቅ ሲታይ ከውኃው መካከል የወጣ አንድ ጥቁር አረንጓዴ ጉብታ ይመስላል፤ ቀርበው ሲመለከቱት ደግሞ ጉብታው ሙሉ በሙሉ በደን የተሸፈነ፣ የደኑም ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ በቡና ተክል የተሞላ መሆኑ ይታወቃል።

በጂኦግራፊ አነጋገር ዘጌ ደሴት አይደለም። ኑሮው ግን ከደሴት ኑሮ ብዙም አይለይም። በደኑ ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ የሚበላውን እህል ከውጭ ያስገባል፤ የሚያመርተውን ቡና፣ ጌሾና ፍራፍሬ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ለብዙ ጉዳዩም ዓይኑ ከየብሱ ይልቅ ወደ ሐይቁ ያመለክታል። ባሕረ ገቡ ከዋናው ምድር በሚገናኝበት አንገት ላይ የምትገኘው የአካባቢው ከተማ አፋፍ ትባላለች። ስሟ ለቦታዋ የተገባ ነው፤ በአንድ ወገኗ ደኑ ያበቃል፣ በሌላው ወገኗ የሚታረሰው የሜዳ አገር ይጀምራል።

የማይታረስ ምድር

የዘጌ ኑሮ ከሌላው የጎጃም ገጠር የሚለይበት ዋናው ነገር አንድ ነው፦ በባሕረ ገቡ ላይ በበሬ ማረስ ክልክል ነው። የቀንድ ከብት ማርባትም እንዲሁ። ክልከላው በመንግሥት አዋጅ የተደነገገ ሳይሆን ከገዳማቱ አመሠራረት ጋር ተያይዞ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ ነው።

ትውፊቱ ስለ አቡነ በትረ ማርያም ይናገራል። አባታችን በዘጌ ገዳም በመሠረቱ ጊዜ፣ ሕዝቡ ምድሩን ሳያርስና ደኑን ሳይመነጥር የሚኖርበትን ነገር እግዚአብሔር እንዲሰጠው ጸለዩ፤ ከዚያም በትራቸውን ቆርጠው በመሬት ተከሉ፤ ከተከሉትም ቡናና ጌሾ፣ እንዲሁም ሎሚ በቀለ ይባላል። የዘጌ ሰው ዛሬም ስለ ሦስቱ ተክሎች ሲጠየቅ መልሱን የሚጀምረው ከዚህ ታሪክ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊታወስ ይገባል፤ ቡና በብዙው የሰሜን ኢትዮጵያ ክርስቲያን ዘንድ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ በበጎ ዓይን የሚታይ መጠጥ አልነበረም፤ ካህናትም ይነቅፉት ነበር። በዘጌ ግን ቡና ከጻድቅ በትር የበቀለ ተክል ተደርጎ ይቆጠራል።

ክልከላው ያስገኘው ውጤት በዓይን የሚታይ ነው። በጣና ዙሪያ ያለው አብዛኛው ጥንታዊ ደን ለእርሻና ለግጦሽ ሲመነጠር፣ የዘጌ ደን በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ብቻ ሳይወሰን በባሕረ ገቡ ሁሉ ቆይቷል። ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ዶቅማ፣ እሸና ብርብራ ከላይ ጥላ ይሆናሉ፤ ቡናው በእነርሱ ሥር ያድጋል። ከዛፎቹ መካከል ብርብራ ከሐይቁም ጋር የቆየ ግንኙነት አለው፤ የፍሬው ዱቄት ውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሣን ስለሚያፈዝ በጣና ገባር ወንዞች ለዓሣ ማጥመጃነት ሲያገለግል ኖሯል። ይህ ዘዴ ትልቁንም ትንሹንም ዓሣ ሳይለይ የሚፈጅ በመሆኑ ለዓሣው ሀብት እጅግ ጎጂ ነው።

ይሁን እንጂ አለማረስ የራሱ ዋጋ አለው። ጤፉም፣ ዳጉሳውም፣ በቆሎውም በገንዘብ የሚገዛ ነው። የቡና ዋጋ በወደቀ ዓመት የእህል ዋጋ አብሮ አይወርድለትም፤ አርሶ አደር ጎረቤቱ ጎተራውን ተስፋ ሲያደርግ የዘጌ ገበሬ ተስፋ የሚያደርገው ገበያውን ነው። ከብት ስለማይረባ ኩበት የለም፤ በመሆኑም ማገዶ የሚገኘው ከዚያው ከደኑ ነው። ለደኑ መቆየት ምክንያት የሆነው ሕግ፣ በሌላ በኩል ደኑን ለማገዶ የሚያጋልጥ ሆኖ መገኘቱ የዘጌ አስቸጋሪ ጥያቄ ነው።

ቡና፣ ጌሾና ፍራፍሬ

የዘጌ ዓመት የሚቆጠረው በቡና ነው። ከበጋው ማብቂያ በሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ ቡናው ያብባል፤ ነጩ አበባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይረግፋል፤ ፍሬውም ክረምቱን ሙሉ በአረንጓዴነት ይቆይና ከስምንት እስከ ዘጠኝ ወር ባለው ጊዜ ይቀላል። ለቀማው ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ በኅዳርና በታኅሣሥ ይበረታል፣ እስከ ጥርም ይዘልቃል። በጥላ ሥር የሚያድግ ቡና ፍሬው ባንድ ጊዜ አይቀላም፤ ስለዚህ አንዱን ተክል ደጋግሞ መመለስና የቀላውን ብቻ መምረጥ ያስፈልጋል። ቀዩና አረንጓዴው ተቀላቅሎ ከተለቀመ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ብዙ ቤተሰብ ግን ገንዘብ በሚቸገርበት ወቅት ያልበሰለውን አብሮ ለመልቀም ይገደዳል፤ ጦጣና ሌባም ቀድመው ይደርሳሉ የሚል ሥጋት አለ።

የተለቀመው ቡና ከነገለባው በፀሐይ ይደርቃል። ይህ ጀንፈል የሚባለው ነው። በመሬት ላይ ከተሰጣው ይልቅ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ የደረቀው የተሻለ ነው፤ አየር ከላይም ከታችም ስለሚያገኘው እኩል ይደርቃል፤ አፈርና እርጥበትም አይነካውም። በደን ውስጥ ግን ፀሐይ የሚያገኝ ገላጣ ቦታ ራሱ ውድ ነው። ስለዚህ በለቀማ ወራት የዘጌ ደጃፎች፣ የመንገድ ዳርና የቤት አጥር ጥግ ሳይቀር ቡና የተሰጣባቸው ሆነው ይታያሉ። ሕፃናትና አረጋውያን ሰጡን ይጠብቃሉ፣ ያገላብጣሉ፤ ሴቶች ይለቅማሉ፣ ያበጥራሉ።

ጌሾ ከቡና ቀጥሎ የሚጠቀስ የገቢ ምንጭ ነው፤ በአንዳንድ ቤትም ከቡናው ይልቅ የሚታመንበት እርሱ ነው። ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ይውላል፤ ከደረቀ በኋላ ሳይበላሽ ይቀመጣል፤ ቅጠሉም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ሊለቀም ይችላል። ቡና ገንዘቡን በአንድ ወቅት ብቻ ሲያመጣ ጌሾ በመካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። በዓል በቀረበ ቁጥር ፈላጊው ይበዛል።

ፍራፍሬው ሎሚ፣ ትርንጎ፣ ማንጎ፣ ፓፓያና ዘይቱና ነው። አብዛኛው በቤት ዙሪያና በቡናው መካከል ተበታትኖ የሚገኝ እንጂ በረድፍ የተተከለ አይደለም። ሎሚ ወፍራም ልጣጭ ስላለው በጀልባና በአህያ ጭነት የሚደርስበትን መንገላታት ይችላል። ማንጎ ግን አይችልም። ማንጎ ባንድ ሰሞን ደርሶ ባንድ ሰሞን ያልቃል፤ የበሰለው በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ገበያ ካልደረሰ ለቤት ፍጆታ ወይም ለወፍ ይቀራል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ስለሚያቀርብ ዋጋው የሚወድቀው ምርቱ በበዛበት ሰዓት ነው። በአካባቢው የጁስ ወይም የማድረቂያ ሥራ ቢስፋፋ ጥቅም የሚያስገኘው ከሁሉ አስቀድሞ ለማንጎ አምራቾች ነው።

የማንጎ አምራቾች ሌላም ጭንቀት አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በምሥራቅ ወለጋ የታየው ነጭ የማንጎ ስኬል የተባለ ተባይ ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች አካባቢዎች፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ የአገሪቱ ክፍልም ተዛምቷል። ተባዩ በቅጠልና በፍሬ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ መስሎ ይጣበቃል፤ የቅጠሉን ፈሳሽ ይመጥጣል፤ ፍሬውን አስቀያሚ አድርጎ ከገበያ ያስወጣል። ከአንድ አገር ወደ ሌላው በዋናነት የሚሻገረው ሰው በሚያዘዋውረው ችግኝና ፍሬ በመሆኑ፣ ከማይታወቅ ቦታ ችግኝ አለማምጣት፣ የተጎዳውን ቅርንጫፍ ቆርጦ ማቃጠልና ያረጀውን ዛፍ አናት ገርዞ ማሳጠር በባለሙያዎች የሚመከሩ ናቸው።

የቡናው ጉልበትና የመሬቱ ባለቤትነት

የዘጌ ቡና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜኑ ንግድ የታወቀ ነበር። ባሕረ ገቡ በታላላቅ ሁነቶችም አልፏል፤ በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊታቸውን ይዘው በዘጌ ሰፍረው በነበረ ጊዜ ኮሌራ ገብቶ ብዙ ሰው ከመጨረሱ የተነሣ ሰፈሩ ወደ ደብረ ታቦር ተነሥቷል።

ስለ ቡናው ሲወራ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የሚታለፍ ነገር ቢኖር የሠራተኞቹ ታሪክ ነው። እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ድረስ የባለጸጎቹን ቡና በመንከባከብና በመልቀም ከፍተኛውን ድካም የተሸከሙት በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ በሕግ ከተሻረ በኋላ የቀድሞዎቹ ሠራተኞችና ልጆቻቸው እንደ ሌላው ነዋሪ ኑሯቸውን መሠረቱ፤ የዘር ሐረግ ጉዳይ ግን በጋብቻና በማኅበር ጊዜ ለረጅም ዘመን ሲታሰብ ቆይቷል።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ «መሬት ለአራሹ» የሚለው ቃል በዘጌ ለየት ያለ ትርጉም ነበረው፤ በዚያ ምድር የሚያርስ አልነበረምና። የተከፋፈለው የቡናና የጌሾ ይዞታ ነው። በየትውልዱ ይዞታው እየተካፈለ በመሄዱ ዛሬ የብዙ ወጣቶች ድርሻ አንድ ቤተሰብ ለማኖር የሚበቃ አይደለም። ከፊሎቹ ባሕር ዳር ሄደው በቀን ሥራና በንግድ ይተዳደራሉ፤ ከፊሎቹ በአስጎብኚነትና በጀልባ ሥራ ይሠማራሉ።

አፋፍና አገልግሎቱ

ገበያው፣ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶቹ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና የመኪና መናኸሪያው የሚገኙት በአፋፍ ነው። በገበያ ቀን ከሜዳው አገር እህል፣ በርበሬና ሽንኩርት ይመጣል፤ ከደኑ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ይወርዳል። ሁለቱ ኑሮዎች የሚገናኙት እዚህ ነው። በከተማዋ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው ይነግዳሉ፣ በለቅሶና በደስታም ይጠያየቃሉ። ምግብ ቤቶች፣ ሻይ ቤቶችና ጠላ ቤቶች አሉ፤ ማደሪያው መጠነኛ በመሆኑ አብዛኛው ጎብኚ የሚያድረው ባሕር ዳር ነው።

ከአፋፍ ወደ ደኑ ውስጥ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ቤቶቹ በቡናው መካከል ተበታትነው ይገኛሉ፤ የሚያገናኛቸውም ጠባብ የእግር መንገድ ነው። መኪና የሚደርስበት ቦታ ውስን በመሆኑ ጭነት በሰው ትከሻ ይወሰዳል፤ በድንገት የታመመ ሰው ወይም ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ወደ አፋፍ ወይም ወደ ቅርቡ የጀልባ ማቆሚያ ትወሰዳለች። ጤና ጣቢያው ከሚችለው በላይ የሆነ ሕመም ወደ ባሕር ዳር ይላካል። ሌሊትና የሐይቁ ማዕበል ሲገጥሙ የአንድ ሰዓቱ የውኃ መንገድ የማይታለፍ ይሆናል። የዘጌ ሰዎች ስለ መንገድ ሲያነሡ ከንግዱ አስቀድመው የሚጠቅሱት ይህንን ነው።

በሐይቅ ዳር መኖር የንጹሕ ውኃን ችግር አያስቀርም። የጣና ዳርቻ ወባ የሚገኝበት ነው፤ በዳርቻው ባሉ መንደሮች ቢልሃርዚያም ይታያል። ቢልሃርዚያ በቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፍ በመሆኑ ዳር ላይ የሚዋኙና ውኃ የሚቀዱ ልጆች ከሁሉ በላይ ይጋለጣሉ። በአጎበር መተኛት፣ ለመጠጥ የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውኃ መጠቀም፣ የሐይቁን ውኃ ግን አፍልቶ መጠጣት በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ዘወትር የሚሰጥ ምክር ነው።

ታንኳ፣ ጀልባና የሐይቁ ከፍታ

በጣና ላይ ሁለት ዓይነት የውኃ ጉዞ ጎን ለጎን ይኖራል። አንደኛው ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ነው። የሐይቁ ነባር ነዋሪዎች የሆኑት ነገደ ወይጦዎች በዚህ ሙያ ይታወቃሉ። ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆና ታስሮ የሚሠራ በመሆኑ ታንኳው ርካሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ቶሎ ቶሎ ወደ ፀሐይ አውጥቶ ማድረቅ ያስፈልጋል፣ ዕድሜውም አጭር ነው። በማለዳ ማገዶ ተቆልሎበት ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፍ ታንኳ የጣና የታወቀ ገጽታ ነው። ጎብኚ ፎቶ ያነሣዋል፤ ለቀዛፊው ግን ቡናው ባልደረሰበት ወር የእህል መግዣ ነው፤ ለደኑም ጉዳት ነው።

ሁለተኛው የሕዝብ መርከብና የሞተር ጀልባ ነው። የሐይቁ መርከብ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዘጌና በደቅ ደሴት በኩል እስከ ሰሜኑ ጎርጎራ ድረስ የሚዘልቅ የቆየ መሥመር አለው። ይህ አገልግሎት በሐይቁ ከፍታ የተወሰነ ነው። የጣና ውኃ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,784.75 ሜትር በታች ሲወርድ ትልልቆቹ መርከቦች ሊሠሩ አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2003 ዝናብ ባነሰበትና ውኃው ለኃይል ማመንጫ በተለቀቀበት ወቅት ከዚህ ልክ በታች ወርዶ መርከቦቹ ለወራት ቆመዋል። በዐባይ መውጫ ላይ የሚገኘው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ፣ በሐይቁ ምዕራብ በኩል ውኃ ወስዶ ኃይል የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያና የመስኖ ሥራዎች የሚጋሩት ውኃ የዘጌን ወደብ የሚያደርሰው ያው ውኃ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ እንቦጭ በሐይቁ ላይ ተከሥቷል። አረሙ አብዝቶ የተስፋፋው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ቢሆንም፣ ነፋስና ማዕበል ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚወስዱት ለዘጌም የሚያሳስብ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የዘጌ ደንም በዚህ ክልል ውስጥ ይገኛል።

ገዳማቱና ጎብኚው

በዘጌ ከሚገኙት አድባራትና ገዳማት መካከል ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያምና መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ በብዛት ይጎበኛሉ። ሕንፃዎቹ ክብ ናቸው፤ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። ከሁሉ የሚታወቀው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሲሆን ከጀልባ ማቆሚያው በቡናው ውስጥ አጭር ዳገት ተወጥቶ ይደረስበታል። በየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል ከሐይቁ ማዶ ጭምር ምእመናን ይመጣሉ።

ወደ እነዚህ የዘጌ አብያተ ክርስቲያናት ወንዶችም ሴቶችም ይገባሉ። በአቅራቢያው ባለው የክብራን ገብርኤል ደሴት ገዳም ግን ሴቶች አይገቡም፤ ስለዚህ ሴቶች ያሉበት የጎብኚ ቡድን ጉዞውን ሲያቅድ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ጫማ ማውለቅ፣ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ መልበስ፣ በሥዕሎቹ ላይ የካሜራ ብልጭታ አለመጠቀም የተለመደ ሥርዓት ነው። የመግቢያ ክፍያ ለእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ለየብቻ ይፈጸማል።

ከጀልባ ማቆሚያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ባለው መንገድ ዳር የአካባቢው ሰዎች ቡና ያፈላሉ፤ የተቆላና ያልተቆላ ቡና፣ ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎችና የብራና ሥዕሎች ይሸጣሉ። የጎብኚ ቁጥር በቀነሰባቸው ዓመታት ይህ ገቢ ቀድሞ የሚቋረጥ በመሆኑ፣ ለበርካታ ቤተሰቦች ከማገዶ ሽያጭ መላቀቅና አለመላቀቅ የሚወሰነው በእርሱ ነው።

ቡናው ሲለቀም ማየት የሚፈልግ ጎብኚ በኅዳርና በታኅሣሥ ቢመጣ ይመረጣል። ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሣና ማዕበሉ ስለሚበረታ ትንንሽ ጀልባዎች ከባሕር ዳር የሚነሡት በጠዋት ነው፤ ለመመለስም ቀኑ ሳይገፋ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል።